ስለ ድንቢጦች እርባታና ስለ ቤተሰባቸው አያያዝ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በተፈጥሮ ጥናት ክበብ አባሎች የተነገረ)



በዚህ በዓል ላይ እንድንናገር ዕድል በተሰጠን ጊዜ፣ አንዳንድ ጓደኞቻችን ስለ ውቅር አብያተ ክርስቲያናቱ እንድንናገር መክረውን ነበር። ስለ እነርሱ ግን ከእኛ ይልቅ አብልጠው የሚያውቁ ካህናትና መምህራን በመካከላችን ስላሉ፣ እኛ ማንም ስለማይናገርላት ስለ አንዲት ትንሽ ፍጥረት ለመናገር መረጥን። እርስዋም ድንቢጥ ናት። በላሊበላ ከተማና በዙሪያዋ ድንቢጥን የማያውቅ ልጅ የለም። እናቶቻችን ጤፍ ሲያበጥሩ ከእግራቸው ሥር ትለቅማለች፤ በሩ ክፍት ሆኖ ካገኘችው ደግሞ ማንንም ሳታስፈቅድ ገብታ፣ መሬት የወደቀውን ጥሬ ለቃቅማ ትወጣለች።

ድንቢጥ የሚለው ስም በአገራችን ለልዩ ልዩ ጥቃቅን ዘር ለቃሚ ወፎች የሚሰጥ ነው። በዚህ ንግግር ግን በተለይ የምናነሣው ሁለቱን ነው። አንደኛዋ በየግቢያችን የምትገኘው ቀይ ድንቢጥ ናት። ወንዱ ከራሱ እስከ ደረቱ በርበሬ የተነሰነሰበት ይመስላል፤ ሴቲቱ ግን አፈር መሳይ ስትሆን፣ ቅላት የሚታይባት ከምንቃርዋ አጠገብና ከጀርባዋ በታች ብቻ ነው። ሁለተኛዋ ከከተማው ዝቅ ብለን ወደ ሹምሸሃ በኩል ስንወርድ የምናያት ሰማያዊ ድንቢጥ ናት፤ የእርስዋ ወንድ በጉንጩ ላይ ባለው ቀይ ነጥብ ከሴቲቱ ይለያል። የሁለቱም ክብደት ከ10 ግራም ብዙም አያልፍም።

ይህን ርእስ የመረጥንበት ምክንያት አለ። በመኸር ጊዜ፣ እህል በአውድማ ላይ በሚወቃበት ወራት፣ ታናናሽ ወንድሞቻችን እንቅብ በእንጨት ደግፈው ከሥሩ ጥሬ ይበትናሉ፤ ወፉ ሲገባ ገመዱን ይስባሉ። ሌሎችም ከፈረስ ጭራ ወጥመድ ይሠራሉ። ልጆች የሚፈልጉት መልኩ የሚያምረውን ስለ ሆነ፣ ተይዞ የሚቀረው ብዙውን ጊዜ ቀዩ ወንድ ነው። ከዚያም በሸምበቆ በተሠራ ትንሽ ቤት ወይም በካርቶን ውስጥ ይዘጋበታል፤ ጤፍና ውሃም ይቀርብለታል። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ሞቶ ይገኛል። ልጁም ጥቂት አልቅሶ ሌላ ለመያዝ ይሄዳል። ጤፉ ሳይጎድልበት፣ ውሃውም ሳይነጥፍበት ለምን ሞተ? የዛሬው ንግግራችን ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመስጠት የተዘጋጀ ነው።

የዶሮን እርባታ ሁላችንም ከእናቶቻችን ተምረናል። ለአሥር ያህል እናት ዶሮ አንድ አውራ ይበቃል። አውራው እንቁላል አይታቀፍም፤ ጫጩቶቹን የምትጠብቅና የምታሳድግ እናቲቱ ብቻ ናት። አውራው ለፋሲካ ቢታረድ ጫጩቶቹ አባታቸውን ፈልገው አይጮኹም። የንብንም ነገር ቢሆን እናውቃለን፤ ስሙ ራሱ ከንብ ጋር በሚተረክለት በቅዱስ ላሊበላ አገር ተወልደን ንብ አናውቅም ብንል ማንም አያምነንም። እንግዲህ ዶሮንና ንብን ባየንበት ዓይን ድንቢጥን ስንመለከት፣ አንዱን ወንድ ብንወስደው የሚጎድል ነገር ያለ አይመስለንም። የድንቢጥ ኑሮ ግን ፈጽሞ ሌላ ነው። ድንቢጥ አንድ ባል ለአንዲት ሚስት ነው የሚኖረው። ሁለቱ አብረው ይለቅማሉ፤ አብረው ውሃ ይወርዳሉ፤ ሲያርፉም ጎን ለጎን ተጣብቀው አንዱ የሌላውን የአንገት ላባ በምንቃሩ ያበጥርለታል። ሌሊቱም በሚቀዘቅዝበት ደጋ ተጠጋግቶ ማደር ለእነርሱ ብርድ ልብስ ነው።

ስለ ጋብቻቸውም አንድ ነገር ሳንናገር ብናልፍ ቅር ይለናል። የሰማያዊ ድንቢጥ ወንድ ሚስት ሲፈልግ አንድ ዘለላ ሣር ወይም ላባ በምንቃሩ ይዞ፣ በቅርንጫፍ ላይ እየነጠረ ይዘፍናል። «ይኸው፣ ጎጆ የምሠራበት ይዣለሁ» የሚል ይመስላል፤ ሽማግሌ ልኮ መሬቱንና በሬውን እንደሚያስቆጥር ሰው ማለት ነው። በምሥራቅ አፍሪካ የምትገኘውን ራስዋ ሰማያዊ የሆነውን የዚህችኑ ወፍ ዘመድ በጃፓንና በጀርመን አገር የሚሠሩ ሊቃውንት እጅግ ፈጣን በሆነ ካሜራ አንሥተዋት ነበር። በ2015 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) እንዳሳተሙት፣ ወንዱም ሴቲቱም በመንጠራቸው መካከል እግራቸውን በቅርንጫፉ ላይ ደጋግመው እየመቱ ይደንሳሉ፤ ፍጥነቱም በሰው ዓይን የሚታይ አይደለም። የእኛ እስክስታ በትከሻ ነው፣ የእነርሱ በእግር ሆኖ ተገኘ።

ቀይ ድንቢጥ ጎጆዋን የምትሠራው ክረምቱ ወደ ማለቂያው ሲደርስና ከዚያም በኋላ፣ ሣሩ ዘር በሚይዝበት ጊዜ ነው። ቦታውም በሣር ክዳን ውስጥ፣ በድንጋይ ካብ ቀዳዳ ወይም በቁጥቋጦ ሥር ነው። ጎጆው ከደረቅ ሣር እንደ ኳስ ተድቦልቡሎ፣ በጎኑ መግቢያ ተትቶለት፣ ውስጡ በላባ ይነጠፋል፤ ላባውም ብዙ ጊዜ ከዶሮአችን የወደቀ ነው። እንቁላሎቹ ነጫጭ ሲሆኑ፣ አብዛኛውን ጊዜ 3 ወይም 4 ናቸው። ባልና ሚስቱ ቀን ቀን እየተፈራረቁ ይታቀፋሉ። የዶሮ እንቁላል 21 ቀን ሲፈጅ የእነርሱ ግን በ11 ወይም በ12 ቀን ይፈለፈላል። የዶሮ ጫጩት በተፈለፈለች ማግሥት ትሮጣለች፤ የድንቢጥ ጫጩት ግን ዕውርና ራቁትዋን ስለምትወለድ፣ ከ17 እስከ 20 ቀን ድረስ በጎጆ ውስጥ ሆና አባትና እናትዋ በየጊዜው እየተመላለሱ ያጎርሱአታል። ከወጣች በኋላም ራስዋን እስክትችል ሁለት ሳምንት ያህል ከእነርሱ ጋር ትሰነብታለች።

አሁን ወደ እንቅቡ እንመለስ። ቀዩ ወንድ በእንቅብ ሥር በተያዘበት ሰዓት ሚስቱ በጎጆ ላይ ተቀምጣ ተራዋን ትጠብቅ ይሆናል። እርስዋ ለመብላት ከወጣች እንቁላሉ ይቀዘቅዛል፤ ካልወጣች ደግሞ ትራባለች። እኛ አንድ ወፍ ያዝን ስንል አራት ወይም አምስት ነፍስ አጥፍተናል። የተያዘውም ቢሆን በፍርሃት ይጨነቃል፤ ሌሊት የሚጠጋው ጓደኛ የለውም፤ ከጤፍ ሌላ ምስጥና ጥቃቅን ነፍሳት እንደሚፈልግም ማንም አላሰበለትም። በእንዲህ ያለ ሁኔታ ባይሞት ነበር የሚያስገርመው።

ከጎጆው ሳንወጣ ስለ አንድ ጥገኛ እንናገር። በየመንደራችን ጥቁር ሆኖ በፀሐይ ጊዜ ወደ ሰማያዊ የሚያንጸባርቅ፣ በዛፍ ጫፍ ላይ ተቀምጦ የሚዘፍን ትንሽ ወፍ አለ። ይህ ወፍ ጎጆ አይሠራም። ሚስቱ እንቁላልዋን በቀይ ድንቢጥ ጎጆ ውስጥ ጥላ ትሄዳለች፤ ድንቢጦቹም የራሳቸው መስሎአቸው ያሳድጉላታል። የድንቢጥ ጫጩቶች አፋቸውን ሲከፍቱ፣ በውስጡ ጥቋቁር ነጥቦችና በጠርዙ ላይ ብርሃን የሚመልሱ ትንንሽ ጉብታዎች ይታያሉ። በጨለማ ጎጆ ውስጥ ወላጆቹ የልጆቻቸውን አፍ የሚያዩት በእነዚህ ምልክቶች ነው። የጥገኛው ጫጩት አፍም በዚያው ምልክት የተሳለ ነው! የጀርመኑ ሊቅ ዩርገን ኒኮላይ በ1964 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ባወጣው ጽሑፍ፣ የእነዚህ ጥገኞች አፍና ዘፈን ከአሳዳጊዎቻቸው ጋር እንዴት እንደሚመሳሰል በዝርዝር አስረድቷል። ወንዱ ጥገኛ ካደገ በኋላ የአሳዳጊ አባቱን ዘፈን እየቀዳ ይዘፍናል፤ ሴቲቱም ይህን ዘፈን የሚያውቀውን ወንድ ታገባለች። ይሁንና እንደ አንዳንድ የውጭ አገር ጥገኛ ወፎች የባለቤቶቹን ልጆች ገፍቶ ከጎጆ አይጥልም፤ አብሮ በልቶ፣ አብሮ አድጎ ይሄዳል። ከእኛ መካከል አንዳንዶቹ ይህን ሲሰሙ ጥቁሩን ወፍ በወንጭፍ ለማባረር አስበው ነበር፤ ነገር ግን ድንቢጦቹና እርሱ ከእኛ በፊት ለብዙ ዘመን አብረው የኖሩ ስለ ሆኑ፣ በዚህ ጉዳይ ዳኛ እንድንሆን የጠራን የለም።

ከዚህ ላይ «እንግዲያው ድንቢጥን በቤት ማርባት አይቻልም ማለት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። ይቻላል። በሌሎች አገሮች ብዙ ሰዎች ያረባሉ፤ የሚያረቡት ግን ለብዙ ትውልድ በሰው እጅ የተወለዱትን ነው። ከአውስትራሊያ የተገኘው ዚብራ ፊንች የሚባለው ድንቢጥ አንዱ ነው። ሌላዋ ከ250 ዓመት ገደማ በፊት ከቻይና ወደ ጃፓን ገብታ በዚያ ለማዳ የሆነችው ድንቢጥ ናት። ካናሪም ከእነዚሁ ትቆጠራለች፤ የካናሪ ዘመዶች በእኛም ደጋ ቡናማ ልብሳቸውን ለብሰው በየጣራው ላይ ሲዘፍኑ፣ ውጭ አገር ሄደን ካናሪ ለመስማት መመኘታችን ያስቃል። የሆነ ሆኖ፣ ወደፊት ከእኛ አንዱ ይህን ሥራ ቢይዝ፣ በመጻሕፍት ካነበብነው ዋና ዋናውን እንንገረው።

መጀመሪያ ነገር፣ ድንቢጥ በጥንድ ይያዛል። ቤቱም ከቁመቱ ይልቅ ርዝመቱ የበዛ ይሁን፤ ወፍ የሚበርረው ወደ ጎን እንጂ እንደ ጢስ ወደ ላይ አይደለም። ለአንድ ጥንድ ከአንድ ሜትር ያላነሰ ርዝመት ቢኖረው መልካም ነው። በአንድ ትልቅ ቤት ብዙ ጥንዶችን ለማኖር ሲታሰብ ግን ሁለት ጥንድ ብቻ ማድረግ ጠብ ያመጣል፤ አንዱ ወንድ ሌላውን ሲያሳድድ ይውላልና። ሦስት ወይም ከዚያ በላይ ሲሆኑ ጠቡ ይከፋፈላል። ሚስት የሌለው ትርፍ ወንድ መተው ደግሞ ጎረቤት ሁሉ እንዲታወክ መፍቀድ ነው። የጎጆው ቍጥር ከጥንዶቹ በእጥፍ ይብለጥ፤ ሁሉም በእኩል ከፍታ ይሰቀል። አንዱ ከፍ ብሎ ከተሰቀለ ሁሉም ያንኑ ስለሚፈልጉ የሚሰበረው እንቁላል ይበዛል። ይህን ስናነብ ስለ ርስት ክርክር የሰማነው ሁሉ ትዝ አለን።

ስለ ምግቡ ብዙ አንልም። ጤፍና ዳጉሳ የመሰለ ጥቃቅን ዘር፣ ለምለም ሣር፣ ንጹሕ ውሃ ለመጠጥም ለመታጠቢያም ያስፈልጋል። ለሴቲቱ በተለይ የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት መስጠት ይገባል፤ ይህ ሲጎድላት፣ ብርድም ሲጨመርበት፣ እንቁላሉ በሆድዋ ተይዞ ትሞታለችና። የእኛ ቀይና ሰማያዊ ድንቢጦች ደግሞ ጫጩት ሲያሳድጉ ሕይወት ያለው ነፍሳት ካላገኙ፣ ልጆቻቸውን ከጎጆ አውጥተው እስከ መጣል ይደርሳሉ። የዱሩን ድንቢጥ አስሮ ማርባት ከባድ የሚሆንበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚያሻው የቤተሰቡ አከፋፈል ነው። ዚብራ ፊንች በ3 ሳምንት ገደማ ከጎጆ ይወጣል፤ ራሱን የሚችለው ግን በ35ኛው ቀን አካባቢ ነው። ከዚያ በፊት ከወላጆቹ መለየት ረኃብ ነው። ከዚያ በኋላ በጣም ማዘግየትም አይበጅም፤ አባትየው ለሌላ ጎጆ ሲዘጋጅ የራሱን ልጅ እንደ ባላንጣ ይቈጥረዋል፤ ልጆቹም በ3 ወር ውስጥ ለመራባት ይደርሳሉ። በአንድ ቤት የተዘጉ ወንድምና እኅት እርስ በርሳቸው ይጋባሉ፤ በሰፊው ዱር ቢሆኑ ኖሮ ተበታትነው ሌላ ባገኙ ነበር። እኛ እስከ ሰባት ቤት ዘር ቈጥረን የምንጋባ ሕዝብ ስለ ሆንን ይህን ለማስረዳት ብዙ መድከም አያስፈልገንም። እንዲህ ያለው ጋብቻ ሲደጋገም የማይፈለፈል እንቁላል ይበዛል፤ የተፈለፈሉትም ደካሞች ይሆናሉ። ስለዚህ ጠንቃቃ አርቢ ለእያንዳንዱ ጫጩት ባለ ቀለም ቀለበት በእግሩ ያደርግለታል፤ አባቱን፣ እናቱንና የተወለደበትን ቀን በመዝገብ ይጽፋል፤ ወንዶቹንም ከሌላ አርቢ ጋር ይለዋወጣል። ልጆቹ 6 ወር ሳይሞላቸው፣ ቢቻልም 9 ወር ሳይደርሱ እንዲታቀፉ አይፈቅድም። አንዲት ጥንድ በዓመት ሦስት ጊዜ ከፈለፈለች በኋላ ጎጆው ተነሥቶ ዕረፍት ይሰጣታል፤ አለዚያ ጎጆ እስካለ ድረስ ሳታቋርጥ ስትወልድ ከስታ ታልቃለች። እንቁላል መቍጠር ደስ የሚያሰኘው ሰው እዚህ ላይ ነው ጭካኔ የሚሠራው።

ጫጩት በእውነተኛ ወላጆቹ ማደግ እንዳለበትም ክላውስ ኢመልማን የተባለው የጀርመን ሊቅ አሳይቷል። የዚብራ ፊንች ወንዶችን በጃፓኖቹ ለማዳ ድንቢጦች አሳደጋቸው። ባደጉም ጊዜ የራሳቸውን ዘር ሴቶች ትተው የአሳዳጊዎቻቸውን ዘር መረጡ፤ ከራሳቸው ወገን ጋር ለብዙ ጊዜ ከኖሩም በኋላ ያ ምርጫ አልጠፋም። አሜሪካዊው ሮበርት ፔይንና ባልደረቦቹም ቀደም ብለን የጠቀስነውን ጥቁር ጥገኛ በእነዚሁ የጃፓን ድንቢጦች ቢያሳድጉት፣ ወንዱ የእነርሱን ዘፈን ይዘፍን ጀመር፤ ሴቲቱም ስታድግ እንቁላልዋን በእነርሱ ጎጆ ጣለች። በልጅነት ጎጆ የታየና የተሰማ ነገር እንዲህ ሥር ይሰዳል።

ድንቢጥ በማቴዎስ ወንጌል በጥቂት ገንዘብ የምትሸጥ ወፍ ሆና ተጠቅሳለች። በኋላ ዘመንም ዋጋዋ ከፍ አላለም፤ ቀይና ሰማያዊ ድንቢጦች ከሴኔጋልና ከሌሎችም የአፍሪካ አገሮች እጅግ በብዛት እየተያዙ በመርከብና በአይሮፕላን ወደ አውሮፓ ይላኩ ነበር፤ ብዙዎቹም በመንገድ ያልቁ ነበር። የአውሮፓ ኅብረት ከወፍ በሽታ ፍራቻ የተነሣ በ2007 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ከዱር የተያዘ ወፍ እንዳይገባ በቋሚነት ከለከለ። በአገራችንም የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቍጥር 541/1999 ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ማደንንና መያዝን ይከለክላል። ወንድሞቻችን ይህን አዋጅ ላያውቁት ይችላሉ፤ በፖሊስ እናስፈራራቸው ማለታችንም አይደለም። የጎጆውን ነገር ብናሳያቸው ይበልጥ ይገባቸዋል ብለን እናምናለን።

ሌላው የሚያሳስበን የጣራው ነገር ነው። የላስታ ክብ የድንጋይ ቤት ከነሣር ክዳኑ ለሰውም ለድንቢጥም ቤት ነበር። አሁን በየቦታው ቆርቆሮ እየተተካ ነው። ቆርቆሮ ዝናብ አያስገባም፤ በየጊዜው ሣር ፍለጋ ከመንከራተትም ያሳርፋል፤ እናቶቻችንን ወደ ሣር ጣራ ተመለሱ ለማለት አፍ የለንም። ድንቢጥ ግን በቆርቆሮ ውስጥ የምትገባበት ቀዳዳ የላትም፤ ሙቀቱም ጫጩት ያቃጥላል። ስለዚህ ክበባችን በሚቀጥለው ክረምት የሚከተለውን ለመሞከር ወስኗል። በጎኑ ሁለት ጣት የሚያህል ቀዳዳ የወጣለት ቅልና ትንንሽ የሣር ቅርጫት በመማሪያ ክፍሎቻችን ጣራ ጠርዝ ሥር፣ ድመት በማይደርስበትና ፀሐይ በማያገኘው በኩል እንሰቅላለን። ከአጥሩ ሥር ጥቂት ሣር ሳይታጨድ ዘር እንዲይዝ እንተዋለን፤ በበጋም የሸክላ ገበታ ውሃ እናስቀምጣለን። የሣር ክዳን የሚያድሱ አባቶቻችንንም፣ አሮጌውን ሣር ከማውረዳቸው በፊት ውስጡን አይተው ጫጩት ካለ ሁለት ሳምንት እንዲታገሡን እንለምናለን።

ለዚህ ሥራ መዝገብ ከፍተናል። ጎጆ ያየ ተማሪ ሁሉ ሳይነካው፣ እጁንም ሳያስገባ፣ የማን ግቢ እንደ ሆነ፣ በክዳን ውስጥ ወይም በካብ ውስጥ መሆኑን፣ ወንዱና ሴቲቱ ስንት ጊዜ ሲመላለሱ እንዳየ በዚያ ይጻፍልን። ታናናሽ ወንድሞቻችሁንም ይዛችሁ ኑ፤ እንቅቡን የሚያውቁት እነርሱ ስለ ሆኑ ጎጆውንም ከእኛ ቀድመው የሚያገኙት እነርሱ ናቸው። መዝገቡ በቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ፣ ከበሩ በስተግራ ባለው ጠረጴዛ ላይ ከነእርሳሱ ተቀምጧል።